የየሺ አንገትጌና የአያ ፈንቴ ሳጥን

ቁልፍ ያስረከብኩ ዕለት በእኔ ቦታ የተተካችው ባለሙያ መደርደሪያውን ከላይ እስከ ታች ቃኘችና ከመሣሪያዎቹ መካከል ተጣጥፎ የተቀመጠውን አሮጌ ጋቢ በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ፣ «ይኼስ የማን ነው?» አለችኝ። የመሣሪያው ነው አልኳት። የቀለድኩ መስሏት ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ጋቢው በንብረትነት አልተመዘገበም፤ የሥራ ዘመንሽን አውሪ ብባል ግን የምጀምረው ከእሱ ነው።

ስሜ ስንዱ ነው። ሥራ የጀመርኩት አራዳ ውስጥ በአንዲት ጠባብ የሬዲዮ መጠገኛ ቤት ነው። ደንበኛ ሁሉ በር ላይ ቆሞ አሻግሮ እያየ «ባለሙያው የለም?» ይለኝ ነበር፤ እኔ ደግሞ ብየዳዬን ሳላቆም «ምሳ ወጥቷል፣ ሬዲዮውን አስቀምጥና ሂድ» እላለሁ። ሬዲዮው ተሠርቶ ሲያገኘው ያ የሌለ ባለሙያ ይመሰገናል። ከዚያ የከተማው የባህል ቡድን የድምፅ ክፍል ሠራተኛ ሲፈልግ ተወዳድሬ ገባሁ። ስለ ደመወዙ አላወራም፤ ትንሽ ነበር፣ ያውም ይዘገያል። ከዚያ ክፍል እስከ ጡረታዬ አልወጣሁም።

የክፍሉ ኃላፊ አያ ፈንቴ ነበሩ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ከደረት ኪሳቸው ትንሽ ጠመንጃ መፍቻ የማትጠፋ ሰው ናቸው። ልምምድ ከመጀመሩ በፊት ከሁሉ ቀድመው ይመጡና መሣሪያውን አብርተው በጋቢ ይሸፍኑታል። «ሳይሞቅ እውነቱን አይናገርም» ይላሉ። እውነትም ድምፅ የሚያመነጨው የመሣሪያው አካል ብርድ ሲነካው ቅኝቱ ይንሸራተታል፤ ሞቆ እስኪረጋ መጠበቅ ነው። ሁለተኛው ልማዳቸው ከዚህ የባሰ ያናድደኝ ነበር። ዘፋኙ መጥቶ ራሱ እስካላንጎራጎረ ድረስ አንድም ቁልፍ አይነኩም። የቅኝት መለኪያ አለን፣ በቁጥር እንሥራው እላቸዋለሁ። ዓይናቸውን ጨፍነው ግራ ጆሯቸውን ወደ ዘፋኙ ያዘነብላሉ፤ ከዚያ ቁልፉን በጣት ጫፍ ያህል ብቻ ይገፉታል። እኔ ያስተካከልኩትን ሲሰሙ ደግሞ «እህ» ነው የሚሉት። ያቺ «እህ» ቀኑን ሙሉ ታበላሽብኝ ነበር።

ይህ መሣሪያ፣ ሳጥን የምንለው፣ አንድ እንግዳ ሙዚቀኛ ትቶልን የሄደው ሲንተሳይዘር ነው፤ ሞጁል ከሚባሉ ቁርጥራጮች ተገጣጥሞ በኤሌክትሪክ ድምፅ ይፈጥራል። እንደ ፒያኖ የሚመታ ቁልፍ የለውም፣ ክር የለውም። አንዱ ሞጁል ድምፅ ያመነጫል፣ ሌላው ድምፁን ያጣራል፣ ሌላው እንደ በር ይከፍታል ይዘጋል። በኬብል ካልተገናኙ ዱዳ ናቸው። አያ ፈንቴ ከሞቱ አምፕሊፋየሮች ዕቃ ለቅመው ሁለት ሞጁል ጨመሩበት፤ የእነሱ ቁልፎች ከሌሎቹ ይልቅ ሻካራ ስለሆኑ በጨለማም ይለያሉ። በኋላ ላፕቶፕ ሲመጣልን ያንኑ የሚመስል ሶፍትዌር አገኘሁ፤ ሞጁሎቹ በስክሪን ላይ የተሳሉ፣ ኬብሎቹም የተሳሉ። ደስ አለኝ። እዚያ ላይ ቅኝት አይንሸራተትም፣ ብርድ የለም፣ ጋቢ የለም። አያ ፈንቴ አዩትና «እህ» አሉ።

ሁለቱን ያጋባኋቸው ለየሺ ብዬ ነው።

የሺ የቡድናችን ድምፃዊት ነበረች። ባሏ ጌቱ ማሲንቆ ይመታል። አብረው ሲሠሩ ማን ማንን እንደሚከተል አይታወቅም። እሷ ዛሬ ድምፄ ወርዷል ብላ ዝቅ ብትል ጌቱ ሳይጠየቅ ክሩን ያላላል። ስንኙን ጨርሳ ስታርፍ ማሲንቆው ይመልስላታል፤ ፊቷን ወደ እሱ አዞር ታደርግና ሰምታ፣ ቀጣዩን ስንኝ ትቀበላለች። ጌቱ በድንገት ታሞ ሞተ። ኀዘኑ አልፎ ወደ ሥራ ስትመለስ ጥሩ ጥሩ ማሲንቆ መቺዎች ቀረቡላት። ከአንዱም ጋር አልሆነም። ሁለት ስንኝ ትልና ጉሮሮዋን ይዛ ትቀመጣለች። «ይጎትቱኛል» ትለኛለች፤ «እኔ ወደምሄድበት አይመጡም፣ ወደነሱ ይጎትቱኛል»።

የቡድኑ ሥራ አስኪያጅ ክፉ ሰው አልነበረም፣ ችኩል ነበር። አንድ ቀን ሁላችንም በተሰበሰብንበት፣ «የማይዘፍን ዘፋኝ በዘፋኝ መደብ ልይዝ አልችልም። ጃናሞራ ውስጥ መካነ ብርሃን ላይ የጤና ጣቢያ ምረቃ አለብን። እዚያ ከዘፈነች ዘፈነች፣ ካልሆነ ልብስ ክፍል ትገባለች» አለ። የሺ አላለቀሰችም። ነጠላዋን ወደ ላይ ሳብ አድርጋ ወጣች። እኔ ግን ደሜ ፈላ። የጃናሞራ ሰው የሷን ድምፅ ሊሰማ ከየተራራው እንደሚወርድ እያወቀ ቀሚስ ተኩሺ ሊላት ነው።

ሐሳቡ የመጣልኝ ያኔ ነው። ላፕቶፑ የየሺን ድምፅ በማይክ ይስማ፤ ድምፁ ከፍ ዝቅ ሲል የቱ ጋ እንዳለ ይወቅ፤ ያንን በቮልቴጅ ለሳጥኑ ይላክ፤ ሳጥኑ ከሥሯ እየዘፈነ ይከተላት። ዝቅ ብትል ዝቅ ይላል፣ ብትረዝም ይረዝማል። ድምፁን ለምን እዚያው ላፕቶፑ ላይ አላወጣሽም የሚል አይጠፋም። ሞክሬዋለሁ። የሺ ሰማችና «የታጠበ ብርጭቆ ይመስላል» አለች። የሳጥኑ ማጣሪያ ግን ሲጠብቅ ሸክረር የሚል ነገር አለው፤ የማሲንቆ ጭራ በክሩ ላይ ሲሄድ የሚሰማውን ዓይነት። እሱን ስትሰማ ጠጋ ብላ ጆሮዋን ሰጠችው፤ ይበቃኝ ነበር።

አያ ፈንቴ ያኔ ጡረታ ወጥተው ማራኪ አካባቢ ቤታቸው ተቀምጠዋል። ስነግራቸው ጠመንጃ መፍቻዋን ይዘው መጡ። መጀመሪያ የገጠመን ችግር ከላፕቶፑ ድምፅ የሚያወጣው የድምፅ ካርድ ነው። ካርዱ የተሠራው የሚርገበገብ ድምፅ ሊያወጣ ነው፤ እኛ የምንፈልገው ዝም ብሎ የሚቆም ቮልቴጅ ነው፣ እሱን ደግሞ መውጫው ላይ ያለ ካፓሲተር የሚባል ትንሽ ዕቃ ያግደዋል። ካርዱን ከፍተን ያንን ካፓሲተር በሽቦ ተሻገርነው። ብየዳውን እኔ ያዝኩ፣ እሳቸው መብራት ያዙልኝ፤ ትንፋሼን ውጬ ነው የሠራሁት፣ ካርዱ ቢቃጠል ሌላ የለንም። ሁለተኛው ችግር መዘግየት ነው። ኮምፒውተር ድምፅን ጥቂት ጥቂት እያጠራቀመ ነው የሚሠራው፤ ሲያጠራቅም ይዘገያል። እንዳይዘገይ ማጠራቀሙን ስቀንስበት እንደ ገብስ ቆሎ ይንጣጣል። በሁለቱ መካከል ያለችውን ቀጭን መንገድ ስፈልግ ስንት ቀን እንደባጀሁ አላውቅም። አያ ፈንቴ ጆሯቸውን አዘንብለው «አሁንም ኋላ ነው፣ አሁንም ኋላ ነው» ይላሉ፤ በመጨረሻ አንድ ከሰዓት በኋላ ጆሯቸውን አቅንተው «የሺን ጥሪያት» አሉኝ።

የሺን ጠራናት። ማይኩ ፊት ቆማ አፏ ውስጥ በትዝታ ቅኝት አንጎራጎረች፤ ሳጥኑ ከሥሯ ተነሣ። ደነገጠች። ዝቅ አለች፣ አብሮ ወረደ። ከዚያ ድምፅዋን ለቀቀችው፣ ሙሉ ዘፈን፣ ጌቱ ከሞተ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ። እንባዬን ለመደበቅ ኬብል የማስተካክል መሰልኩ።

«እንዴት ነው አያ?» አልኳቸው ስትወጣ።

«ይከተላታል። ሸጋ ነው። ሲመልስላት ግን አልሰማሁም» አሉኝ። «ደግሞስ ሕዝብ ባለበት ሞክሪው እንጂ። በባዶ አዳራሽ ሁሉም ጨዋ ነው።»

ሕዝብ ከየት ላመጣ ነው፣ ምረቃው ደርሷል። ስንነሣ ጋቢውን አቀበሉኝ፤ ጉልበታቸው ለተራራ አይሆንም፣ አይመጡም። ተቀብዬ መኪናው ውስጥ ከወንበር ሥር ጣልኩት። ሶፍትዌሩ ቅኝቱን እየለካ ራሱ ያርማል፤ ሚኒስትር ይቀመጥበታል ተብሎ በተዘጋጀ መድረክ ላይ የተጀቦነ ሳጥን ይዤ አልታይም።

መካነ ብርሃን ነፋሱ ይቆርጣል። መድረኩ ሜዳ ላይ ነው፣ ጄኔሬተሩ ከኋላ ይጮኻል። ሕዝቡ ከጠዋት ጀምሮ ቆሞ ጠብቋል፤ ብዙው ጌቱ መሞቱን ሰምቷል፣ የሺ እንደምትዘፍን ግን እርግጠኛ አልነበረም። ስትወጣ ወደ መድረኩ ተጠጉ። የመጀመሪያዋን ስንኝ አለች። ሳጥኑ ከሥሯ ተነሣ፣ ልክ እንደ ልምምዱ። ሁለተኛዋን ስትደግም ከፊት የቆሙት ሴቶች እልልታውን አቀለጡት።

ልምምድ ላይ እልል የሚል ሰው አልነበረም።

ማይኩ እልልታውን ሰማ፤ ላፕቶፑ የሷ ድምፅ ነው ብሎ ያዘው፤ ሳጥኑ ከሥሯ ዘሎ ወደ ላይ ተወነጨፈና ጮኸ። እሷ ደንግጣ ድምፅዋን ከፍ አደረገች። ሕዝቡ ጎበዝ ብሎ እልልታውን ባሰበት። እሷ በበረታች ቁጥር እልልታው ይበረታል፣ እልልታው በበረታ ቁጥር ሳጥኑ ያብዳል። ማይኩን ቀነስኩ፤ እሷንም አጣኋት። ብርዱም ገብቶበት ኖሮ ቅኝቱ ጭራሽ ሸሽቷል፣ ሶፍትዌሩ የሸሸውን ላርም እያለ ይብስ ያርቀዋል። እጄ ከቁልፍ ቁልፍ ይሮጣል፣ የቱን እንደያዝኩ አላውቅም። በመጨረሻ ኬብሉን ነቀልኩት። ጄኔሬተሩ ብቻ ቀረ።

የሺ መሐል ስንኝ ላይ ቆመች። ማይኩን ወለሉ ላይ ቀስ ብላ አስቀምጣ ወረደች። አንዲት አሮጊት እጇን ይዘው «ምነው ልጄ? ምን ነካሽ?» ሲሏት አየሁ። ምን እንደመለሰች አልሰማሁም። በመልሱ መንገድ እስከ ደባርቅ ከእኔ ጎን ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ተቀመጠች፤ ጋቢው ከእግራችን ሥር ነበር። ሰኞ ልብስ ክፍል ገባች።

ከሥራ ዘመኔ የከፋው ጊዜ እሱ ነው። ልብስ ክፍሉ ከኛ ክፍል ፊት ለፊት ነው፤ በሩ ክፍት ሲሆን ስትሰፋ አያታለሁ። ሰላም ትለኛለች፣ እሱ ይብሳል። ሥራ አስኪያጁ ሳጥኑን ወደ ዕቃ ቤት አስገቢው ብሎኛል። ሳላስገባ እየተንቀራፈፍኩ አያ ፈንቴ ዘንድ ሄድኩ። ይወቅሱኛል ብዬ ነበር፤ ጋቢውን ግን አንሥተው እንኳ አልጠየቁኝም።

«ማሽንሽ ጆሮው የት ነው?» አሉኝ።

«ማይኩ ነዋ።»

«ማይክማ የሕዝብ ነው፣ የመጣውን ሁሉ ይሰማል። ጌቱ እሷን ብቻ ሲሰማ የኖረ እንዴት ነበር? አጠገቧ ስለቆመ ነው። ጆሮውን አስጠጊው።»

ተነሥተው ከአንድ ከተበላሸ የጠረጴዛ ሰዓት ውስጥ የማንቂያውን ድምፅ የምታወጣውን ቀጭን የነሐስ ክብ ፈልቅቀው አወጡ። ይህች ክብ ኤሌክትሪክ ሲሰጧት ትጮኻለች፤ ገልብጠው ሽቦ ካሰሩባት ደግሞ የተጠጋችውን ነገር ንዝረት ትሰማለች፣ አየሩን አትሰማም። ጉሮሮዬ ላይ ለጥፌ ተናገርኩ፤ ላፕቶፑ እኔን ያዘ። አያ ፈንቴ አጠገቤ ጠረጴዛ ደበደቡ፣ ፉጨት አፏጩ፣ እንደ ሴት እልል አሉ። ላፕቶፑ ንቅንቅ አላለም። በዚያ እልልታ ሁለታችንም ሳቅን፣ ከረጅም ጊዜ በኋላ።

የሺ ግን አልሳቀችም። ክቧን በጉሮሮዋ ላይ በማሰሪያ ልይዛት ስሞክር እጄን ያዘችው።

«ማተቤ ላይ ሽቦ አትጠመጥሚብኝም።»

«ማተብሽን አልነካም፣ ከሥሩ ነው…»

«ከሥሩም ከላዩም። ደግሞ ማን እዘፍናለሁ አለሽ? ያን ሁሉ ሰው ፊት አቁመሽኝ ሳጥንሽ እንደ ቀበሮ ሲጮህብኝ ረሳሽው?»

አልረሳሁም አልኳት። ክቧን መቁረጫ ጠረጴዛዋ ላይ ትቼ ወጣሁ። ከዚያ በየጠዋቱ ሰላም ስንባባል ክቧ እዚያው እንዳለች አያለሁ፤ አታነሣትም፣ አትጥላትምም። አንድ ቀን ግን የለችም። ከሰዓት በኋላ ራሷ በሬን ገፋ አድርጋ ገባች። የአበሻ ቀሚስ ይዛለች፤ በጥልፉ ውስጥ አንገትጌ ሠርታበታለች፣ ከማተቡ ራቅ ብሎ አንገቷ ሥር ካለው አጥንት ላይ የሚያርፍ። ክቧን በጥልፉ ውስጥ ሰፍታ ደብቃታለች፣ ሽቦው በስፌቱ መሐል ወደ ጀርባ ይወርዳል። ዕድሜ ልኬን እንዲህ ያለ ንጹሕ የሽቦ ሥራ አላየሁም።

«መካነ ብርሃን ነው የምዘፍነው። ሌላ ቦታ አልዘፍንም» አለችኝ።

ሥራ አስኪያጁ እምቢ አለ። መካነ ብርሃን ላይ ለሚመረቀው ትምህርት ቤት ሌላ ዘፋኝ መድቧል፣ ዳግመኛ መሣቂያ አያደርገንም። እኔም ቢሮው ቆሜ፣ ካበላሸን ነገ ጠዋት እኔንም ልብስ ክፍል አስገባኝ አልኩት። መርፌ መያዝ እንደማልችል ያውቃል። አንድ ዘፈን ብቻ ብሎ ፈቀደ።

በምረቃው ቀን ከሁሉ ቀድሜ መድረክ ላይ ወጣሁ። ሳጥኑን አበራሁና ጋቢውን አለበስኩት። ሰው ሁሉ ያያል፣ ይይ። የሺ ከመድረክ ጀርባ መጣች፤ አንጎራጉሪ አልኳት፣ ዓይኔን ጨፍኜ ሰማሁና የአያ ፈንቴን ሻካራ ቁልፍ በጣት ጫፍ ገፋሁት።

ወጣች። ያው ሜዳ፣ ያው ነፋስ፣ ብዙው ያው ሕዝብ። ከፊት የቆሙት ሴቶች ያለፈውን አልረሱም፣ አፋቸውን በነጠላ ይዘዋል። የመጀመሪያዋን ስንኝ አለች። ሁለተኛዋን ደገመች። አንዷ አልቻለችም፣ እልል አለች፣ ከዚያ ሁሉም። እጄ ኬብሉ ላይ ነው። ሳጥኑ አልተወነጨፈም። ከሥሯ፣ አብሯት፣ ወፍሮ ሄደ። እልልታው በላያችን አለፈ። እጄን ከኬብሉ ላይ አነሣሁ።

ከዚያ ስንኙን ጨርሳ አረፈች።

ሳጥኑም አረፈ። እንደሱ ነው የሠራሁት፤ ድምፅዋ ሲቆም በሩ ይዘጋል። የሺ አልቀጠለችም። ተበላሸ እንዴ ብዬ ስክሪኑን አየሁ፣ ምንም አልተበላሸም። ቀና ስል ፊቷን ወደ እኔ አዞር አድርጋለች፣ ወደ ጌቱ ታዞር እንደነበረው። አያ ፈንቴ ሲመልስላት አልሰማሁም ያሉኝ ያኔ ገባኝ። እየጠበቀች ነው። ሥራ አስኪያጁ ከመድረኩ ሥር በእጁ ቀጥሉ ይላል። ላፕቶፑ የሚያውቀው መከተል ብቻ ነው፣ ለመልስ የሰጠሁት ነገር የለም።

እጄን ጋቢው ሥር ከተትኩ። የድምፁን በር በእጄ ከፈትኩት፤ ሳጥኑ የሷን የመጨረሻ ድምፅ ይዞ ቆሞ ነበር፣ ተሰማ። ሻካራውን ቁልፍ ይዤ ወደ ታች አወረድኩት፣ ቀስ ብዬ መለስኩት፣ ጌቱ ሲያደርገው ስሰማ በኖርኩበት መንገድ። በሕይወቴ መሣሪያ ተጫውቼ አላውቅም። በሩን ዘጋሁት። የሺ ፊቷን ወደ ሕዝቡ መለሰችና ቀጣዩን ስንኝ ተቀበለች።

አንድ ዘፈን የተባለው ስንት እንደሆነ አልቆጠርኩም። ስትወርድ ሴቶቹ ከበዋት ወደ እኔ ለመድረስ ቆየች። አመሰገነችኝ ብላችሁ እንዳታስቡ።

«ዘግይተሻል» አለችኝ። «ጌቱ ቀደም ይል ነበር።»

ከዚያ በኋላ ወደ መደቧ ተመለሰች፤ አንገትጌውን ግን በማንም አላሰፋችም፣ ራሷ ነች የምትሰፋው። በየመድረኩ ከጎኗ ቆሜ መለስኩላት። አንዳንዴ ዘግይተሻል ትለኛለች፣ አንዳንዴ ትከሻዋን ብቻ ትነቀንቃለች። አያ ፈንቴ እስኪያርፉ ድረስ እያንዳንዱን መድረክ እየሄድኩ እተርክላቸው ነበር። ምን ብላ መለሰችልሽ ይሉኛል፣ ዘግይተሻል አለችኝ እላቸዋለሁ፣ «እህ» ይላሉ።

የተተካችው ባለሙያ ጎበዝ ናት። ይህን ሁሉ ስነግራት፣ መልሱን ራሱ ኮምፒውተሩ እንዲመልስ አድርጎ መሥራት ይቻላል አለችኝ። ይቻል ይሆናል፣ ሞክሪውና የሺን ጠይቂያት አልኳት። ጋቢውን ተቀብያት አጥፌ ወደ ቦታው መለስኩት፤ ክረምት ሲገባ ትፈልገዋለች።

የሺም ጡረታ ወጥታለች። በእኔ ቦታ የተተካችው ልጅ ቅዳሜ ቅዳሜ ክፍሉን ትከፍትልናለች፣ መድረክ የለም፣ ሕዝብ የለም፣ እልልታም የለም። ያለፈው ቅዳሜ የሺ አንገትጌዋን አድርጋ የድሮውን ዘፈን ጀመረች። ስንኙን ጨርሳ አረፈች፣ ፊቷን ወደ እኔ አዞረች፣ እጄ ግን ቀድሞ ጋቢው ሥር ገብቶ ነበር። መለስኩላት።

ጠበቅኋት። «ዘግይተሻል» አላለችኝም። ቀጣዩን ስንኝ ተቀብላ ዘፈነች።